ለአቶ ኑሩ የተመለሰው ጋቢ

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1991

ጥፋቱ የኔ ነው። ለዘሃራ ግን ዛሬ አልነግራትም፤ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ይቀመጥ።

የልጅ ልጄ ዘሃራ በኢንተርኔት ጋቢ ትሸጣለች። ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ ፎቶውን በኮምፒዩተር ያያል፣ ያዛል፣ እሷ ደግሞ እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ከቤታችን ጠቅልላ ትልካለች። ያልወደደ ይመልሳል። ለዚህ ብለን አድራሻችን የተጻፈበት የመመለሻ ወረቀት ከጋቢው ጋር እንከታለን፤ ደንበኛው ጥቅሉ ላይ ለጥፎ መላክ ብቻ ነው። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ የፈረንጁንም የአማርኛውንም ፊደል አሳምሬ እጥላለሁ።

«ደሞዜስ?» ስላት፣

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ፕሬዚዳንቱ ነዎት። ፕሬዚዳንት ደሞዝ ይጠይቃል?» ትለኛለች። አንደበቷ ከኔ የወጣ ነው።

ደንቧ እንዲህ ነው። የተሳሳትነው እኛ ከሆንን የመመለሻው ወጪ በኛ። ሐሳቡን የቀየረው ገዢው ከሆነ በራሱ። ባለፈው ወር አንዱ ጋቢውን «በስህተት አራት ልካችሁ አንድ ላይ ሰፍታችሁታል» ብሎ መለሰው። ወጪው በሱ ሆነ። እኔ ግን ለሁለት ቀን ሳቅኩ።

ለስዊድኗ ሴትዮ ነው የተሳሳትኩት። አረንጓዴ ጥለት ብላ ቀይ ደረሳት፤ ይሄ የዘሃራ ስህተት ነው። የመመለሻ ወረቀቱን መክተት የረሳሁት ግን እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ወረቀት ብታጣ አድራሻውን በራሷ እጅ ጽፋ መለሰችው። ዛሬ ፖስታ ሣጥናችንን ስከፍት ማስታወቂያው ቁጭ ብሏል።

«ለአቶ ኑሩ ሰይድ። ጥቅል ስለመጣልዎ መታወቂያ ይዘው በአካል ይቅረቡ።»

ኑሩ ልጄ ነው፣ የዘሃራ አባት። የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በ83 ግንቦት፣ በዚያ ግርግር፣ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ሚሌ አካባቢ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። በሮቹ ተቆልፈዋል። ውስጡ ምሳው በሳህን ተከድኖ ነበር አሉ።


ማክሰኞ

ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ነገሩን ሁሉ አስረዳችኝ። ፈረንጅ ሰውን የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ዘሃራ ኑሩ ስዊድን ስትደርስ «ሚስተር ኑሩ» ሆነች። ፖስታ ቤቱ ደግሞ የሣጥኑን ቁጥር መዝገብ ላይ ሲያየው፣ ሣጥኑን በ78 የተከራየው ኑሩ ሰይድ ነው። ሁለቱ ገጠሙ። ማስታወቂያውም በሙሉ ስሙ ወጣ።

እሺ፣ እዚህ ድረስ ጂን የለበትም።

«ታዲያ ስጪኛ» አልኳት።

«አባቴ፣ በሕይወት ካሉ የሳቸውን ውክልና፣ ካረፉ የሞት ማስረጃ ያምጡ።»

«ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነ ሰውስ?»

ጎንበስ ብላ ወረቀቶቿን አገላበጠች። «እንደሱ የሚል ፎርም የለንም።»

እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልወጣ ወደ ስዊድን ይመለሳል፣ ወጪው በኛ። ሐሙስ ሁለተኛ ማስታወቂያ ሣጥናችን ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ በኋላ የለም። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ለመሆኑ እሳቸው አዲስ አበባ የሉም እንዴ? ትናንት ከሰዓት አንድ ሰው መጥቶ የኑሩ ሰይድ ጥቅል ደርሷል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማስታወቂያ ይዘው ይምጡ ብዬ መለስኳቸው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ረጅም። ፊታቸውን ፀሐይ የበላው።»

«መልከ መልካም ነው? ከሆነ የኔ ልጅ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ወጥቼ አጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።


ረቡዕ

ውክልናና የሞት ማስረጃ መባሉን ለዘሃራ ነገርኳት። ሰውየውን አልነገርኳትም። ተስፋ መስጠት ቀላል ነው፣ መልሶ መውሰዱ ነው የሚከብደው።

አፏን ያዘች። ከዚያ እንደ ነጋዴ ማሰብ ጀመረች። ጋቢውን ለመላክ ከፈለናል። ለማስመለስ ከፈለናል። ወደ ስዊድን ቢሄድ ደግሞ እንከፍላለን፣ ሴትዮዋም ገንዘቧን ትጠይቃለች። ሸማኔው ሁለት ወር የለፋበት ጋቢ ነው፣ ካለን ሁሉ ውዱ።

«ይሄ ካልወጣ ዌብሳይቱን እዘጋዋለሁ አባባ። አቅሜ አይችልም።»

«አንቺ ከዘጋሽ እኔ በምን ላይ ፕሬዚዳንት ልሆን ነው?»

አልሳቀችም። «የሞት ማስረጃው ያው ወረቀት እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሰባት ዓመት ተኩል ሆነው።»

ለኑሩ ሰደቃ አልወጣለትም። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ። ዘመድ ሁሉ ለምኖኝ ነበር፤ የኑሩ ሚስት ሌላ ስታገባም ዘሃራን እኔ ጋ ትታ የሄደችው በዚሁ ተቀይማኝ ነው። ሬሳ ላላየሁት ልጄ የምበላው ሰደቃ የለኝም አልኳቸው።


ሐሙስ

ምንም አልሠራሁም። ቀበሌ እሄዳለሁ ብዬ ጫማ አደረግኩ፣ አወለቅኩ። ሣጥኑንም ሄጄ አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዘሃራ ቀን የምትሠራበት ቢሮ ናት። አነሳሁት፣ ዝም። ኢንተርኔት በስልኩ ገመድ ሲያልፍ እንደሚያፏጭ አውቃለሁ። ይሄኛው አያፏጭም። ይተነፍሳል።

«ኢንተርኔት ከሆንክ ባለቤትህ ቢሮ ናት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ደውል» አልኩት።

ከኋላው ሞተር ይሰማል። የቆመ መኪና ሞተር፣ ትልቅ፣ ሳያጠፉት የተዉት። ያዳመጥኩት ረጅም ጊዜ ነው። ከዚያ ተዘጋ።

መስኮቱን ከፍቼ አየሁ። መንገዱ ላይ ምንም አልቆመም።


ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ጎረቤቴን ወልዴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው። ወልዴና እኔ አርባ ዓመት እንደ ልጅ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው። ዛሬ ግን በሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰይድ፣ ልጅህን በጋቢ ልትለውጠው ነው?»

«የልጄ ልጅ እንጀራዋን እንዳታጣ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። አንተ ስትለው መስማት ፈልጌ ነው» አለኝና ገባ።

ጸሐፊው ወጣት ነው፤ የሚጽፈው ፊደል ያስጠላል።

«የሞቱት መቼ ነው?»

«አላውቅም።»

«ያለ ቀን አይጻፍም አባባ።»

ሦስታችን ተያየን። በመጨረሻ መኪናው የተገኘበትን ቀን አልኩት። ያ ቀን ልጄ የሞተበት ቀን ሆነ፣ በኔ አፍ። ፈረምኩ። ማህተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ጓ አለ።

ስንመለስ ወልዴ አንድም ስድብ አልወረወረብኝም። የሰው ለቅሶ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከንጋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ቦሌ እንዳለ በጭስ ተሸፍኗል፣ ከአምስት እርምጃ ወዲያ ሰው አይታይም። ዘሃራ ልትከተለኝ ስትል «አስነጥሰሽ ጂኖቹን ታስደነግጫለሽ» ብዬ አስቀረኋት። ማስረጃው ደረት ኪሴ ነው።

መንገድ ላይ አንድ ሰው አለፈኝ። ከጭሱ ወጥቶ ወደ ጭሱ ገባ። አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፣ ሰላምታ የሚሰጥ መስሎኝ እኔም ቀና አልኩ። ብብቱ ሥር ጥቅል ነገር ይዟል። ዓይኔ በጭሱ እያነባ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። ዛሬ ሁሉም ሰው ፊቱን ሸፍኗል።

ፖስታ ቤት ደርሼ መጀመሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሁለተኛው ማስታወቂያ የለም። መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

«አልተገናኛችሁም? አሁን እኮ ነው የወጡት» አለችኝ ልጅቷ ፈገግ ብላ። «እሳቸው ራሳቸው። ማስታወቂያውን ይዘው መጡ፣ መንጃ ፈቃዳቸውን አሳዩኝ። ድሮ የወጣ ነው፣ ፎቶው ደብዝዟል፣ ስሙ ግን ይነበባል። እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ።»

ወጣሁ። መንገዱ ነጭ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ኑሩ» አልኩ፣ ጮክ ብዬም አይደለም። ማዶ ያለች ሴትዮ እሳቷን በእንጨት እየቆሰቆሰች አየችኝ። ሌላ ማንም አልነበረም።

ቤት ገብቼ ለዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰውየውን፣ ስልኩን፣ የረሳሁትን የመመለሻ ወረቀት። ስለ ወረቀቱ አልተቆጣችም። ስለ ሰውየው ፊቷ አመድ ሆነ።

«ሌባ ነው አባባ። መንጃ ፈቃዱን አንድ ቦታ አግኝቶት ነው።»

«ይሆናል። ሣጥኑንስ በምን ከፈተው?»

«ሰበረው?»

አልተሰበረም። ሁለት ቁልፍ ነው የነበረው። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው ከኑሩ ጋር ነው የወጣው።

ሌባ ከሆነ ጋቢውን ለብሶ ይሙቀው። ለስዊድኗ ሴትዮ አረንጓዴው ይላክላት፣ የቀዩን ዋጋ ከጡረታዬ እሸፍናለሁ አልኳት። ሱቁ አይዘጋም። ዘሃራ ወደ ማድ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ቆየች፣ ሳታጥብ።

ከዚያ ሦስት አዲስ ትእዛዝ ይዛ መጣች። የመመለሻ ወረቀቶቹን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ላይ «ኑሩ ሰይድ» ብዬ ጻፍኩና አየኋት። ስሙን አነበበች፣ እስክሪብቶዬን አልቀማችኝም። የቀሩትንም እንደዚያው ጻፍኩ።

የሞት ማስረጃው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ ቀበሌ ወስጄ ስህተት አለበት እላቸዋለሁ። ያ ፊደሉ የማያምር ልጅ የቱ ጋ ነው ስህተቱ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ገና አላወቅኩም።