በባዶ ሆድ ወደ ቻይናው ሐኪም

ኦክላንድ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሸዋረጋ፣

«ምነው ጠፋሽ? ረሳሽን እንዴ?» ብለሽ የጻፍሽው አንጀቴን በላው። ኧረ አልረሳኋችሁም። ቀኝ ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አልጋ የያዙ ሽማግሌዎች ሳነሣና ሳገላብጥ እውላለሁ፤ በኋላ ፀጉሬን ማበጠር እንኳ አቃተኝ። የሆስፒታሉ ሐኪም ኦፕሬሽን አለ። ኦፕሬሽን ከሆንኩ ለወራት ቤት መዋሌ ነው፤ እስክድን ማን ሥራዬን ይጠብቅልኛል?

አብራኝ የምትሠራው ወይንሸት «ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ አንድ ቻይና አሉ፤ በመርፌ ነው የሚያድኑት» አለችኝ።

«ሕመሜ ሳያንሰኝ ደግሞ ልወጋ?»

«አንቺ ደግሞ! ወስፌ መሰለሽ? ፀጉር ነው የምታህለው!»

እኔ ሞኟ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ደግሞም ፈውስ ፈልጎ የሚሄድ ሰው እህል አይቀምስም ብዬ፣ ጠበል እንደሚሄድ ሰው ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ከወይንሸት ጋር ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ።

ዶክተር ኩዋን አጠር ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ምላሴን አዩ። የሁለቱንም እጄን የደም ሥር ክራር እንደሚቃኝ ሰው በሦስት ጣታቸው ዳበሱት። ሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚሉት ኃይል በቦይ እንዳለ ውሃ ይሄዳል፣ ቦዩ ሲደፈን ነው የሚያመው አሉኝ። ከዚያ መርፌውን ቅልጥሜ ላይ ሊሰኩ!

«ኧረ ዶክተር፣ ሾልደሬን ነው ያልኩዎት!»

«ቦዩ ረጅም ነው» አሉ። ወይንሸት በሳቅ ሞተች።

መርፌዋስ አላመመችኝም፤ ግን ወዲያው ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ መርፌው ወጥቷል፣ ዶክተሩ ከበላዬ ቆመዋል።

«ምን በልተሻል?»

«ምንም።»

ወይንሸት ስለ ጾሙ አስረዳቻቸው። «እግዚአብሔር ጋ ስትሄጂ አትብዪ። እኔ ጋ ስትመጪ ብዪ!» ብለው ተቆጡ።

ባለቤታቸው የሩዝ አጥሚት ይዘው መጡ። በዚያ ድካሜ «ሥጋ አለበት?» ስላቸው፣ «ራይስ፣ ወተር፣ ፊኒሽ» ብለው በማንኪያ አጎረሱኝ። እትዬ፣ እዚህ አገር ስንቱን ሳጎርስ ኖሬ፣ እኔን ሰው ሲያጎርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

በሳምንቱ በልቼ ተመለስኩ፤ የንስሐ አባቴ ይቅር ይበሉኝ። መርፌው ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነሣ እጄ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። እልል ልል ስል ዶክተሩ «እኔ ቦዩን እጠርጋለሁ፤ አንቺ ነገ ብቻሽን ሰው ካነሣሽ መልሶ ይደፈናል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሥራችን ደንብ አንድን ሰው ለሁለት ነው የምናነሣው። እኔ ግን ደከመች እንዳይሉኝ፣ ሰው ከማስቸግር እያልኩ ብቻዬን ስሸከም ኖርኩ።

ትናንት አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ከአልጋቸው ሊወድቁ ተንሸራተው አገኘኋቸው። እንደ ልማዴ ብብታቸው ሥር ገባሁ፤ ከዚያ ተውኩት። ደገፍ እንዳደረግኳቸው ወደ ኮሪደሩ ዞሬ «ሰው! እርዱኝ!» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ወይንሸትና አንዷ ፊሊፒኖ እየሮጡ መጡ። ሽማግሌውን ወደ ላይ ሳብናቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከልን፣ ሁለቱም ወደየሥራቸው ተመለሱ። አንዳቸውም ምነው አላሉኝም። ይኼው ነበር የፈራሁት፣ እትዬ?

የሆስፒታሉን ሐኪም ኦፕሬሽኑን ለጊዜው አቆይልኝ ብዬዋለሁ። ድካሙ እንዳለ ነው፤ እሱን መርፌም አይነቅለው።

ከእንግዲህ ግማሹን ብቻ የምትሸከመው እህትሽ፣
ሮማነወርቅ