የመጀመሪያዋን ቀይ ይዞ መሮጥ

ማክሰኞ

ዛሬም የፕሮግራሚንግ ኮዴ አልቆም አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያው ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል። የዶርም ጓደኛዬ ሐናን ሳቋን ለቀቀችው። «እስክንመረቅ ነው እንዴ የሚሮጠው?» በኋላ አገኘሁት፤ በየዙሩ አንድ የሚጨምረውን መስመር ረስቼዋለሁ። ጨመርኩት፣ ሉፑ፣ ያ ዙረቱ፣ ቆመ። እሰይ! ወዲያው መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም።

መምህሩ አርብ ያያል። ያልሠራለት ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ዲላ፣ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ይደግማል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቤተሰቦቼ ጋ፣ ኢዲዶ መግባት አለብኝ። የቡና ለቀማው በዚህ ሳምንት ያልቃል። ያለ እኔ ሲለቀም የዘንድሮው የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ

እንደ አዲስ ጻፍኩት። ምሳሌ ያደረግኩት የቤታችንን ለቀማ ነው፦ የኔ ቅርጫት፣ የእማዬ፣ የወንድሞቼ፣ የአባባ። ሉፑ በየተራ እየዞረ ይደምራል፣ ሪተርን የሚለው ትእዛዝ ሥራውን ጨርሶ ድምሩን ይዞልኝ ይመጣል። መስሎኝ! የኔን ብቻ ይዞ መጣ። የእማዬ የለ፣ የአባባ የለ። ደጋግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው። ተናድጄ ምሳዬንም አልበላሁም።

ሐሙስ

ጠዋት አስፋልቱ ላይ ቀይ ቡና የጫነ አይሱዙ አለፈ። ያ ጣፋጭ ሽታ! ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያዋን ቀይ ፍሬ እንደቀጠፍኩ ቁልቁል ወደ አባባ እሮጥ ነበር። በመዳፉ ተቀብሎኝ «ጨረስሽ?» ይለኛል። «አዎ!» እላለሁ። ዛፉ እንዳለ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ሳቁን ዋጥ አድርጎ መልሶ ይሰደኛል። ናፈቀኝ። መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

ላብ ገብቼ ኮዱን ሳየው፣ ለካ ሪተርኑን የጻፍኩት ሉፑ ውስጥ ነው! አንድ ቅርጫት እንደያዘ ጨረስኩ ብሎ ይመጣል። ቁጭ እኔን! ከሉፑ ቅንፍ ውጭ አወጣሁት። የሁላችንም ድምር መጣ።

ነገ መብራት ባይኖርስ? ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፣ የሐናንም ፍላሽ ላይ።

አርብ

መብራት ነበረ። መምህሩ አየው፣ ቁጥሮቹን ለዋውጦ ሞከረው። «ሪተርኑን ማን አወጣልሽ?» «ራሴ ነኝ፣ መምህር።» ራይት አደረገልኝ። ሐናን ከእኔ በላይ ጮኸች።

አባባ ጋ ደወልኩ። ለቀማው ትናንት አልቋል አለኝ። ቀጠለና፣ «በሩ ፊት ያለችውን ዛፍ ግን ማንም አልነካትም። ወንድሞችሽን ከልክያለሁ።»

ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ዛፏን እስከ ጫፏ እጨርሳታለሁ። የመጀመሪያዋን ቀይ ይዤለት መሮጤ ግን አይቀርም።