ከዘቢደር ራስጌ ያለው አፈር

ለወንድሜ ለላቀው ውዱ፣ ሐዋሳ።

ብዕሩን የያዘችው የልጄ የበለጠች ልጅ ፀጋ ናት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ የታላቅህ የአገኘሁ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳታለዝብ በሚካኤል ገዝቻታለሁ።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሸጊቱስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ገብቷል፤ ውርጭ የታችኛውን ማሳ ብቻ ነው የነካብኝ። በስልክ ያልነገርኩህ አውቄ ነው። ስልክ ሲሆን ድምፅህ ተቆራረጠ ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ወረቀት አይዘጋም።

ነገሩ ከኢየሩሳሌም አመጣሁ ያልከው አፈር ነው። በሁለት ሺህ አራት፣ ገና እዚህ ሳለህ፣ ለፋሲካ ልትሳለም ስትሄድ እርሻህን እኔ አረስኩልህ። ስትመለስ ደባርቅ መናኸሪያ ድረስ ከበሮ ይዘን ወጣን፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምህ ኢየሩሳሌም ላቀው ሆነ። አንተም በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ አፈር አውጥተህ፣ ጌታ ከተሰቀለበት ከጎልጎታ በእጄ የዘገንኩት ነው አልክ። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከመቃብሩ ቦታ በተኑት። የተረፈውን እኔ በብልቃጥ አስቀመጥኩ።

ዘቢደር ሚስቴ ሕመሙ ሲጠናባት የለመነችኝ አንድ ነገር ነበር። ዳባት ከእናት ከአባቴ ጎን ቅበረኝ አለችኝ። እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። የጌታ አፈር ከደጃችን እያለ ምን ዳባት ያስኬድሻል አልኳት። በሦስተኛው ቀን፣ "የጌታ አፈር ከሆነስ ይሁን" አለች። ስትቀበር ከብልቃጡ ጭብጥ አድርጌ ከራስጌዋ በተንኩላት። የዳባቱ ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም።

ፀጋ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የድንጋይና የአፈር ትምህርት ትማራለች። ለጥምቀት መጥታ፣ ቅዱስ መጽሐፉ ውስጥ ያለው አገር ዛሬም በቦታው እንዳለ ታወጋኝ ነበር። ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሥር ቆፍረው ያዩ ሊቃውንት፣ ቦታው ጥንት ድንጋይ ይፈለጥበት እንደነበረ፣ በጌታ ዘመን ከከተማው ቅጥር ውጭ እንደነበረ፣ ከአለት የተፈለፈለ መቃብርም እንዳለበት ደርሰውበታል አለችኝ። ወንጌሉም የሚለው ይህንኑ ነው አለች። ደስታዬን አትጠይቀኝ። እኛ ዘንድ እኮ ከዚያው አፈር አለ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ብልቃጡን አወጣሁላት።

መዳፏ ላይ አድርጋ በማጉያ መነጽር አየችው። ምን አየሽ፣ ተናገሪ አልኳት። "አባባ፣ የኢየሩሳሌም አለት ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ይኼ የእኛው የስሜን ጥቁር ድንጋይ ፍርፋሪ ነው" አለችኝ። ለትምህርቷ ከዓባይ በረሃ ያመጣችውን ነጭ የኖራ ድንጋይ ፍቃ ሎሚ ጠብ ብታደርግበት እንደሚፈላ ጠላ አረፋ ደፈቀ። ያንተው ላይ ብታንጠባጥብበት ረጠበ እንጂ ምንም አላለም። አላመንኳትም፤ ራሴ ሞከርኩት። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ቤት ያለው ሎሚ አለቀ። ጎረቤታችን ገዱ በደጅ ሲያልፍ አይቶኝ፣ "ምነው አገኘሁ፣ አፈር በሎሚ መብላት ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ልንገርህ። ዕድሜ ልኬን ያረስኩ ሰው አፈር አላውቅም? ያን ቀን ስትሰጠኝ በጣቶቼ መሃል አሽቼው ነበር። እጄ አውቆታል። ወንድሜ በጌታ ስም አይዋሽም ብዬ እጄን ዝም አሰኘሁት። ኃጢአቱ የሁለታችን ነው፤ ያንተው ግን ይከብዳል። ጎልጎታ ተረት ቢሆን ኖሮ፣ ተረት በተረት ላይ ተጨመረ ብዬ በተውኩህ። ቦታው ግን በእውነት አለ፤ ሰው በእግሩ ይደርስበታል፤ አንተም ደርሰህበታል። አንድ ጭብጥ መዝገን እንዴት አቃተህ? ረስተህ መጥተህ፣ ከበሮውን ስትሰማ አፍረህ ከመንገድ ዳር የዘገንከው ይመስለኛል። ረሳሁ ብትል ማን ይገድልህ ነበር?

በመጪው ግንቦት ዘቢደር ከሞተች ሰባት ዓመት ይሞላታል። በሰባት ዓመት አጽም ማፍለስ ይቻላል፤ ዳባት ከወላጆቿ ጎን ልወስዳት ቆርጫለሁ። መምሬ ገብረ ክርስቶስን ብጠይቃቸው፣ "በሎሚና በልጅ ቃል መቃብር አልከፍትም፤ ያመጣው ሰው ራሱ በፊርማው ይመን" አሉኝ። እንግዲህ መቃብሯን የሚከፍተው ያንተ አፍ ነው። ኢየሩሳሌም መባሉ ይቀርብሃል፤ አውቃለሁ። እሷ ግን በእኔ አፍና ባንተ አፈር ምክንያት ካልፈለገችው ቦታ ተኝታለች።

ሌላ አፈር እንዳትልክልኝ። ይቅርታም በስልክ አልሻም። አፈሩን ከየት እንደዘገንከው፣ ከመናኸሪያው ይሁን ከሌላ፣ ቦታውን በስሙ ጠርተህ ጻፍና ፈርምበት። የከብት መቆሚያም ቢሆን አትደብቀኝ። ከራስጌዋ ያደረግሁት እኔ ነኝና፣ ምን እንዳደረግሁባት ልወቀው።

ሸጊቱን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ላይ ቂም የለኝም። ምስክርን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ትንሿን አልጣሽን አጎትሽ ናፍቆሻል በላት። በለጠች ሰላም ብላሃለች። እኔ አንተን የምስምህ ፊርማህ ሲደርሰኝ ነው።

ፀጋ፣ በይ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ድምፅሽን ሳታለሰልሺ።

ደባርቅ፣ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.