ሁለት ሁለት እየሳበች ነው

ጥር 12

የመድኃኒት ቤት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳሳንስ ሳተልቅ ዋልኩ። ማሽን ክፍል ውስጥ ዘፋኙ፣ የማተሚያ ማሽኗ ሠራተኛ፣ ያንጎራጉራል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ማሽኗ ስትነሳ ይጀምራል፣ ስትቆም ያቆማል። እጁን ጎኗ ላይ አሳርፎ «ጤነኛ ናት» ካለ በቃ፣ ጤነኛ ናት።

ከሰዓት አባባ መጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚጽፋቸውን የሂሳብ እንቆቅልሾች ይዞ። ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከመጨረሻ። የድሮ ተማሪዎቹ ሊያመሰግኑት ይሰበሰባሉ፤ አሳትሞ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሊሰጥ ነው።

«ይከብድሻል እንዴ?»

«አንተ ደግሞ አባባ! አስራ ስድስት ገጽ እኮ ናት። ዓይኔን ጨፍኜ እሠራታለሁ።»

ጥር 15

ሌይአውቱ፣ የገጾቹ አቀማመጥ፣ አለቀ። ሲታጠፍ ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ገጾቹን በእጄ ደረደርኳቸው... አንደኛው ከአስራ ስድስተኛው ጎን፣ ሁለተኛው ከአስራ አምስተኛው ጎን። ድሮ የተማርኩት እንዲህ ነው። ፋይሉን ወደ ማሽኗ ስልከው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ «ቡክሌት» የሚለውን መረጥኩ። ለማንኛውም ብዬ።

አምሮብኛል።

ጥር 16

ጉድ ፈላ። ዘፋኙ የታተመውን አጥፎ፣ ሰፍቶ አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ መልስ! ርዕሱ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄ፣ ቀጥሎ የሌላ ጥያቄ መልስ፣ ከዚያ እንደገና ጥያቄ...

እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል። ማተሚያ ቤቱ የሳቸው፣ ወረቀቱም የሳቸው። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

እኔም አፌ እንዳመጣልኝ፦ «ማሽኗ ናት። ወረቀት ሁለት ሁለት እየሳበች ነው። የጀርባውን ገጽ አዛባችው።»

ዘፋኙ ወደ ማሽን ክፍል ዞር አለ። «ድምጿ ደህና ነበረ እኮ...» አለ። ከዚያ «ግን አንቺ ካልሽ እሺ። ገጹን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እትዬ ሲወጡ «ካረጀች ትሸጣ» አሉ። እሷ ከተሸጠች እሱስ? ሌላ ማሽን እኮ ነክቶ አያውቅም። አልጠየቅኩም።

ጥር 17

ማሽኗን ፈታት። ወረቀት የሚስቡትን ሮለሮች አንድ በአንድ አውጥቶ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ያጥባል። እስከ ክርኑ ቀለም። በሬዲዮ ማስታወቂያ ላይ እንኳ የሚያዜም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ምሳ ልጋብዘው ብል «እጄ እንዲህ ሆኖ?» አለ።

ጥር 18

ወይኔ።

አንዷን ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ትንሿ ፕሪንተር አወጣሁ። አባባ ፊደሉ ይነበብለት እንደሆነ ላሳየው ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። አጠፍኩት። ሽፋኑ ላይ መልስ። ያው! አንድም ሳይቀር ያው!

ፋይሉን ከፈትኩ። ለካስ ቡክሌት ሲባል ኮምፒውተሩ ራሱ ገጾቹን ይደረድራል። እኔ የደረደርኩትን እሱ እንደገና ደርድሮታል። ሁለት ሁለት የሳበች ማሽን የለችም። ሁለቴ የተደረደረ ፋይል ነው ያለው።

ደግሞስ ማሽን ቢያበላሽ አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ ያደርግ ነበር። ሁሉም እኩል ነበር የተሳሳቱት። ይሄን ያን ቀን ሳላየው ቀርቼ ነው? ወይስ ማየት ስላልፈለግኩ?

ልነግረው ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር የሄድኩት። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ብሎን ይፈልጋል። እትዬም በር ላይ። «በርታ ጋሼ» ብዬ ተመለስኩ። በርታ! ምላሴን በቆረጠው።

ጥር 19

ገጾቹን ወደ ተራቸው መለስኩ፣ ከአንድ እስከ አስራ ስድስት። መደርደሩን ለኮምፒውተሩ ተውኩለት። ታተመ። እንከን የለውም።

ዘፋኙ አንዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። በዚህ ዕድሜው! «አየሽ? ሮለሩ ነበር! አንቺ ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥሽ።»

እግዜር ይስጥሽ አለኝ።

ፊቴ እሳት ሆነ። እሱ የደስታ መሰለው።

ጥር 24

የአባባ ቀን። አዳራሹ ሞላ፣ ሸበቶ ተማሪዎች እንደ ልጅ እየተጋፉ። ዘፋኙንም አባባ ጠርቶት ኖሮ ኮት ለብሶ መጣ።

አባባ ሲያመሰግን ከዘፋኙ የሰማውን ይዞ «ልጄ የማሽኑን ሕመም በዓይኗ አየች፤ ይሄ ወንድማችን ደግሞ አከመው» አለ። አጨበጨቡ። ዘፋኙ ተነስቶ ወደ እኔ አጨበጨበ... መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ጫማዬን ሳይ አመሸሁ።

የካቲት 2

አያንጎራጉርም። መጀመሪያ ደክሞት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ትንሽ ያትማል፣ ያቆማል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሳል። ጆሮውን ማሽኗ ላይ ይለጥፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ያስነሳል።

«ምነው ጋሼ?»

«ያን ጊዜ ደህና ናት ብዬ አልነበር? ጆሮዬ አታሎኛል። አሁን እንዴት ልመነው?»

እትዬ ሥራ ዘገየ ብለው ተቆጡ። ማሽኗን የሚያይ ገዢ ሐሙስ ይመጣል።

የካቲት 3

እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አባባ «አሞሻል?» አለ። አይ፣ አልኩት። የሱ መጽሐፍ እዚያው ጠረጴዛው ላይ...

እኔ የዋሸሁት ስለ ማሽን መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዘፋኙ የወሰድኩት ጆሮውን ነው። ነገ ብነግረው ይጠላኝ ይሆናል። ይጥላኝ።

የካቲት 4

ነገርኩት። ገና ኮቱን ሳያወልቅ። ሁለቱንም ፋይል አትሜ፣ ፊቱ አጥፌ አሳየሁት። «የኔ ስህተት ነበር ጋሼ። ከሁለት ቀን በኋላ አውቄዋለሁ። አውቄም ዝም አልኩ። አፍሬ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን አድርጎ ገለጣቸው።

«እና...» አለ። «እሷ ደህና ነበረች?»

«ደህና ነበረች።»

«የሰማሁት ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ።»

ወደ ማሽን ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋው።

ከዚያ እትዬ ዘንድ። የተበላሸውን ወረቀት ከደመወዜ ይቁረጡ፣ ገዢውን ግን ይመልሱልኝ አልኩ። ሰምተው ሰምተው፦ «መሸጥ የነበረበትስ ምላስሽ ነው» አሉ። ግን ስልኩን አነሱ። ሐሙስ የሚመጣ የለም።

ማታ ለአባባም ነገርኩት። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ከስድብ ይሄ ባሰኝ።

የካቲት 6

ዘፋኙ ሰላምታዬን ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳል። ይገባኛል።

የካቲት 13

አዲስ ሥራ፣ የእናቶች ክሊኒክ መጽሔት። ፋይሉን ላክሁ። ቡክሌት ብቻ፣ የኔ እጅ የሌለበት። ዘፋኙ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው።

«አንቺው እጠፊያቸው።»

አጠፍኩ።

«ሽፋኑ?»

«ከላይ።»

«መጨረሻውስ?»

«ከመጨረሻ።»

ገልጦ፣ ገልጦ አየ። «ከእንግዲህ መጀመሪያ አንቺ ታጥፊያለሽ። ከዚያ እሷ ታትማለች» አለና ሄደ። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ማሽኗ ተነሳች። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ... ቆየ። ቆይቶ ማንጎራጎር ጀመረ።

ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። እጁ ጎኗ ላይ ነው። ሲያየኝ ዜማውን አቆመ፣ እስክመለስ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀጠለ።