ዳንቴሉን አንሳው

ጌታነህ፣
ድሬ ጠያራ እናቴ ጋ መሄዴ ነው። ሹፌሩ ክላክስ እያደረገብኝ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአቦከር ሰፈር ልጆች በኮምፒውተር ጨዋታ ሊገጥሙን ሰርቨራችን ላይ ይገባሉ። መብራት ሄዶ ከመጣ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ሰርቨር ያደረግነውን ኮምፒውተር አብራ። የራውተሩን ሴቲንግ ግን እንዳትነካ! ወላሂ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ።

ሌላው ነገር።
ሰርቨሩን በጨዋታ መሀል ማን እንደሚያጠፋው ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አየሁ። አከራያችን እማማ ረሂማ ናቸው። አቧራ እንዳይገባበት ብለው ኮምፒውተሩን እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል ያለብሱታል፤ እሱም በሙቀት ታፍኖ ይጠፋል። በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ነው፣ ምን ልበላቸው? «አላህ ይስጥዎት» አልኳቸው። አንተም አመስግናቸውና ሲወጡ አንሳው። ሲመጡ ቶሎ አልብሰው።

የኮምፒውተሩን ገመድ የምትነቅለው አንተ ነህ ብዬ ከጨዋታው ያባረርኩህ ነገር...
እንግዲህ መልሼ አስገብቼሃለሁ። አድሚንም አድርጌሃለሁ።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። ልክ እንደጻፍኩት፣ በአማርኛ፣ ክፍተት ሳታስገባ ጻፈው፦

ጥፋቱየናስርነውይቅርታ

ጮክ ብለህ እንዳታነበው። ስመለስ እቀይረዋለሁ፤ እስከዚያ እስክትጠግብ ጻፈው።

ናስር