የዛሪማ መንገድ እርቅ

ደባርቅ፣ ጥር 1951 ዓ.ም.

ወዳጄ ዘርጋው፣

«ባቡራችን ተወዳዳሪ ቢኖረው እንዲህ ባልናቀን ነበር» ትለኝ አልነበር? ዛሬ ጧት ጎንደር ፒያሳ ላይ ውድድር አየሁልህ! ወደ ዛሪማ የሚሄዱ ሁለት አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ባለቤቶቹ ዐብደላና ዳኛው እየተሽቀዳደሙ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ መንገደኛውንም እንደ ሙሽራ ደግፈው ያሳፍራሉ። እኔማ ድሬዳዋ ጣቢያ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ኋላ ግን ነገሩ ስድብ ላይ ደረሰ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሽማግሌ አያ የሻው አላስቻላቸውም። «ምነው ልጆቼ፣ አጥር የምትጋሩ ጎረቤታሞች አይደላችሁም?» ብለው ወረዱ። እኛም ተከትለን ወርደን ይቅር እንዲባባሉ ለመንን። ተሳሳሙ። አያ የሻው መረቁ፤ ከሁሉም ጮኼ አሜን ያልሁት እኔ ነኝ።

የታረቁት ሰዎች ወዲያው ተመካከሩ። አንዱ አውቶቡስ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሁላችንም በሌላው ታጨቅን፤ ዋጋውም ከድሮው በላይ ወጣ። አያ የሻው ጭኔ ላይ ተቀምጠው «እርቅ እኮ ሸጋ ነው» ይሉኛል።

የፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ እመቤትህንም እጅ ንሣልኝ። ሁለተኛ ባቡር የመጣ ዕለት ግን አደራህን፣ ጣቢያው ደጃፍ ሽማግሌ ድርሽ እንዳይል።

ያንተው ታፈሰ