ወደ ድሩምላሃን የታጠፍንበት ቀን

ለኔሳ እናት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አክስትሽስ፣ ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገራቸው ሳል ለቀቃቸው ወይ? እኔ ጠዋት ጠዋት የሚያስነክሰኝን ጉልበቴን ካልቆጠርነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከብቶቹም ደህና ናቸው። አንቺ "እመቤቲቱ" እያልሽ የምትጠሪያት ግንባረ ነጯ ላም ዘንድሮም መንታ ወልዳ ጎረቤቱን አስቀንታለች። ቤቱ እንደነበረ ነው። በኩሽናው መስኮት የሚገባውን ነፋስ አሁንም አልደፈንኩትም፤ "ነገ" እንዳልኩሽ አለሁ።

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ልነግርሽ ነው። ወንድምሽ ነግሮሽ ይሆናል፤ እሱ ግን ወሬ ላይ ጨው ያበዛል። በዚያ ላይ በትራክተር ሰልፉ ውስጥ አርባኛ ነበር፤ አርባኛ የሆነ ሰው የሚያየው የሠላሳ ዘጠነኛውን ጀርባ ብቻ ነው። መጨረሻውን አንቺም ከቤትሽ ሆነሽ አይተሻል። መጀመሪያውን ግን ከኔ ስሚው።

የሁለተኛው ዓመት የትራክተር ሰልፍ ባለቀ ማግስት፣ ሻንጣሽን መኪና ላይ እየጫንሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። "በየዓመቱ ልጄን በትራክተር ልትቀብሯት ነው? እኔ አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ይበቃኛል" ነበር ያልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር። አገሩ ሁሉ በልጃችን ስም ወጥቶ፣ ያንን በሽታ ለሚመራመሩ ሰዎች ገንዘብ እየለመነ፣ እናቷ ጥላን ሄደች ብዬ ነው የተቀየምኩሽ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንቺ በር ዘግተሽ አለቀስሽ፤ እኔ ደግሞ ሰባ ሦስት ትራክተር ከኋላዬ አስከትዬ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

የሄድሽው ወደ ድሩምላሃን፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሰው "አልሸሹም ዞር አሉ" ይላል። እኔ ግን አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ስንቴ መኪናዬን አስነስቼ ከግቢው በር እንደተመለስኩ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

የካቲት ላይ የሰልፉ ኮሚቴ በሰበካው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ አሁንም ብሪዲ ናቸው፤ ሱቃቸውን ለልጃቸው አስረክበው የመንደሩን ጉዳይ ሁሉ እሳቸው ይዘውታል። የመንገዱ ፈቃድና የሳንድዊቹ ነገር ካለቀ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ደክላን ልጅ አነሱ። ደክላንን ታውቂዋለሽ፣ የወተት መኪና የሚነዳው። ልጁን ኦርላን ግን አታውቂያትም፤ አንቺ ስትሄጂ በእናቷ ሆድ ነበረች። ባለፈው መስከረም ታመመች። ያው የኔሳ በሽታ ነው። ያው ሆስፒታል፣ ያው ኮሪደር፤ ሳንቲም የሚውጠው የቡና ማሽን እንኳ አልተነሳም ብሎኛል ደክላን። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ለኦርላ የሚሰጧት መድኃኒት በኔሳ ጊዜ አልነበረም። ይህንን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ የሰረቀኝ ይመስል።

ብሪዲ የጠየቁት ዘንድሮ ኦርላ በመሪው ትራክተር ላይ ከኔ ጎን ትቀመጥ ብለው ነው። ያ የኔሳ የጎን መቀመጫ ስድስት ሰልፍ ባዶውን ሄዷል። ማንንም ተቀመጥ ብዬ አላውቅም፣ ማንም ልቀመጥ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ተነስቼ "መቀመጫው ሰው አለው" አልኩና ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ። ደክላን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሲመሽ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ፤ በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ላሞቹን እያለብኩ ብሪዲ መጡ። አልተቆጡኝም፤ መቆጣት ቢጀምሩ ይሻለኝ ነበር። ማለቢያው በር ላይ ቆመው "እኔ ባሌን የቀበርኩ ሰው ነኝ፣ ወንበሩን ለሁለት ዓመት ማንም አልነካውም" አሉ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንዘቡን የምንለምነው ላለፈችው ነው ወይስ ላለችው?"

እሺ አልኳቸው። እሺ ስል ግን ሆዴ እሺ አላለም፤ መቀመጫው የኔ ብቻ ስላልሆነ። ኔሳን ከኔ ጎን አስቀምጠሽ፣ ሹራቧን እስከ አገጯ ቆልፈሽ የምትሸኚን አንቺ ነበርሽ። ሳትጠየቂ እንዴት እሰጣለሁ? ሦስት ጊዜ ልጽፍልሽ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ በላቸው። ስልክሽ ላይ ደውዬ አንዴ ሲጠራ ዘጋሁት። ቀኑ እንዲህ እያልኩ ደረሰብኝ።

ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ቄሱ ትራክተሮቹን ጠበል ሊረጩ ሲወጡ ጎረቤታችን ማላኪ "አባ፣ ምን ያደክምዎታል፣ ከላይ እየተረጨልን ነው" ብሎ አሳቃቸው። ማላኪ አሁንም ጭራ ነው፤ ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ ሰልፉን የሚዘጋው እሱ ነው። ደክላን ደግሞ የአባቱን አሮጌ ትራክተር ይዞ ከኔ ቀጥሎ ተሰለፈ። ደንቡም ያው ነው፦ ከፊትህ ያለውን ተከተል፣ ክፍተት አትተው፣ ጥያቄ ካለህ ሻይ ሲደርስ ጠይቅ።

ኦርላን አባቷ አቅፎ አመጣልኝ። ቀበቶውን እኔው አሰርኩላት። ራሷ ላይ ፀጉር የለም፤ የሱፍ ቆብ አድርጋ በላዩ የጆሮ መከላከያ ደርባበታለች። እግሯ መሬት አይነካም። ምላሷ ግን፣ ልንገርሽ፣ የሁለት ሰው ነው። ገና ከመነሳታችን መሪውን በሁለት እጅ እንድይዝ አዘዘችኝ። ማንጎራጎር ስጀምር "አትዝፈን፣ ድምፅህ ያስጠላል" አለችኝ። ከኔሳ ወዲህ እንዲህ የደፈረኝ ሰው የለም፤ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተሳቀቅኩ።

ወደ መስቀለኛው መንገድ ስንቃረብ ቦታው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የት ናት አለች፤ የለችም አልኳት። እንደነዚህ ያሉ ልጆች ይህን ቃል ሲሰሙ ሁለተኛ አይጠይቁም፤ ያውቁታል። ቀጥላ ስለ ኔሳ እናት ጠየቀች። አለች አልኳት።

"እኔ እዚህ መቀመጤን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሰው ሳያስፈቅዱ ቦታው ላይ አይቀመጥም" አለችኝ። "አስተማሪዬ ብትሆን ትቆጣህ ነበር።"

ከመስቀለኛው ሰልፉ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ወደ ባሕሩ፤ እዚያ ሻዩ ተፈልቶ ሕዝቡ የመዋጮ ገንዘብ መሰብሰቢያ ባልዲ ይዞ ይጠብቃል። እኔ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሶ መኪና የሚያስቆመው አስተናባሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። ግን መሪውን ትራክተር ማን ያስቆማል? ደክላን ተከተለኝ። ከደክላን ኋላ ያለው ደክላንን ተከተለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንድምሽም፣ ማላኪም። አንድም ሰው ጡሩንባ አልነፋም። ሰባ ሦስት ጤነኛ ሰው መንገዱ እንዳልሆነ እያወቀ ወደ ድሩምላሃን ገባ፣ ደንብ ደንብ ነውና።

የናንተን መንገድ መቼም ታውቂዋለሽ። መሐሉ ሣር ያበቀለ፣ አጥሩ ከሁለቱም ወገን ትራክተሩን የሚቧጥጥ፣ መጨረሻው ሐይቅ። መዞሪያ የለውም። በርሽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከኋላዬ ሞተሩ አንድ በአንድ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጠፋ።

ማላኪ ከጭራው ተነስቶ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጣ። ከኮፍያው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?" አለኝ።

"ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝና ምልክቱን ሳላየው አለፍኩ" አልኩት።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ የቤትሽን ጭስ አየና "እውነትህን ነው፣ ዛሬስ ፀሐዩ በርትቷል" አለ። ዞሮም ለደክላን ነገረው፤ ደክላን ለሚቀጥለው። ይህን ሁሉ ዓመት ስንነታረክ ስንበሻሸቅ የኖርን ሰዎች፣ ያን ቀን አንድም የሳቀብኝ የለም። ሁሉም ዝናብ ውስጥ ቆሞ ስለ ፀሐይ ሲያወራ ሰማሁ።

መውረድና በርሽን ማንኳኳት ነበረብኝ። አልቻልኩም። መሪውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ጉልበቴም አልነበረም ምክንያቱ። ያዳነኝ የኦርላ ሽንት ነው። መጣብኝ አለች። ደክላን አውርዶ እስከ በርሽ አደረሳትና ወደ ትራክተሩ ተመለሰ፤ እሷ ብቻዋን እየሮጠች ግቢ ገብታ አንኳኳች። በሩ በስንዝር ሲከፈት አየሁ፤ ከዚያ ሰፋ ሲል። የሰማያዊ ሹራብሽን እጅጌ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከበሩ ላይ አነሳሁ።

ከዚያማ ሥራው ሥራ ነው። የመጨረሻው መጀመሪያ እየሆነ፣ እያንዳንዱ ትራክተር ወደ ኋላ መውጣት ነበረበት። እኔም ደክላንም ወደ ጭራው ወርደን ከማላኪ ጋር አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ ስንል ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ጎረቤቶችሽ ሻይ አፍልተው አወጡ። በባሕሩ ዳር የሚጠበቀው ባልዲ እዚያው መንገዱ ላይ ዞረ፤ አንዲት አሮጊት ዘንድሮ ገንዘቤን የሰጠሁት በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ለሚያስቀው ሰልፍ ነው አሉ። በርሽ አጠገብ ያለውን ሣር ጭቃ አድርገነዋል፤ ስለሱ ከልቤ ይቅርታ። ከፈቀድሽ አንድ ቅዳሜ አካፋና ዘር ይዤ እመጣለሁ። ካልፈቀድሽም ወንድምሽን እልካለሁ።

ወደ ትራክተሬ ስመለስ ኦርላ ቦታዋ ላይ ነበረች። አፏ ዙሪያ ማርማላታ አለ። የዝናብ ካፖርቷ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ቀበቶዋም ታስሯል።

የዚያን ቀበቶ አመል መቼም የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ኔሳ መቆለፊያው ውስጥ ከረሜላ ከከተተችበት ቀን ጀምሮ፣ በአውራ ጣት ወደ ላይ ገፍተው ወደ ግራ ካልጠመዘዙት አይገባም። የትራክተር ጠጋኙ እንኳ አቅቶት ተወው። ደክላን እንደሆነ ከኔ ጋር ጭራው ዘንድ ነበር። ኦርላን ውስጥ ምን እንደተባለች ጠየቅኳት። "ሚስጥር ነው" ብላ አፏን ጠረገች። ማን አሰረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሰው ሁሉ ወረደ፣ ተቃቀፈ፣ ብሪዲ እጄን ጨበጡኝ። ኦርላ "ፍታኝ" አለችኝ። ትንሽ ቆዪ አልኳት። ምን እንጠብቃለን አለች። ምንም አልኳት፤ እጄን መቆለፊያው ላይ አድርጌ፣ አባቷ መጥቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ ሳልፈታው ተቀመጥኩ።

ኦርላ ሐሙስ ደብሊን ወዳለው ሆስፒታል ትመለሳለች፤ በጸሎትሽ አስቢያት። አንቺንም ቤትሽንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ለአክስትሽ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እንቅልፍሽ ሰላም ይሁን።

የኔሳ አባት